የታለበ ከረጢት ውሃ ሲጠጣ

ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ ፍኖተ ሰላም መንገድ ላይ ያገኘኝ ሰው ሁሉ የሚጠይቀኝ ስለ በቆሎ ነው። የትኛው ዘር ይሻላል፣ ተምቹ ዘንድሮም ይመጣ ይሆን፣ ማዳበሪያው ዘገየ፣ ምን ይሻላል? አይፈረድባቸውም። በግብርና ልማት ሠራተኝነት ሽንዲ ጀመርኩ፣ አዴት ተዛወርኩ፣ መራዊ ሰነበትኩ፣ መጨረሻ ቡሬ ላይ ጨረስኩ፤ የሄድኩበት ሁሉ በቆሎ ነበረ። ብቻዬን ስቀመጥ ግን የማስበው ስለ በቆሎ አይደለም። ምርቱን ሰጥቶ ስለቀለለ አንድ የገለባ ከረጢት ነው የማስበው፤ ውሃ ውስጥ ሲነከር እንዴት እንደሚጠጣ፣ ጠጥቶም ለምን እንደገና እንደሚያፈራ። ባለቤቴ «አንተ ሰውዬ፣ በስተርጅናህ ከእንጉዳይ ፍቅር ያዘህ» ትለኛለች። እውነቷን ነው።

ከማሠልጠኛ ወጥቼ ሽንዲ ስመደብ የተቀበሉኝ አቶ ደሴ የሚባሉ የልማት ጣቢያው ኃላፊ ነበሩ። የአዊ ሰው ናቸው፤ ከገበሬው ጋር ሲያሻቸው በአማርኛ፣ ሲያሻቸው በአገውኛ ያወጋሉ። ቀጭን፣ ረጅም፣ ለመናገር የማይቸኩሉ ሰው ነበሩ። እኔ ደግሞ የተማርኩትን ሁሉ በአንድ ቀን ካላራገፍኩ የምል ጎረምሳ። አቶ ደሴ የታመመ ነገር ሲቀርብላቸው መጀመሪያ ቁጢጥ ይላሉ፤ ጭቃም ቢሆን አይመርጡም። ከዚያ ነገሩን በሁለት እጃቸው ያነሱታል፣ ያሸቱታል፣ መልሰው ያስቀምጡትና «ትናንት የት ዋለ?» ብለው ይጠይቃሉ። ለበሬም፣ ለዘርም፣ ለቅጠልም ጥያቄያቸው አንድ ነው። ገበሬዎቹ አንዳንዴ ይስቁባቸዋል። «ጋሼ ደሴ፣ ቅጠል የት ይውላል፣ ማሳ ላይ ነዋ» ይሏቸዋል።

አንድ ቀን አንድ ገበሬ ከማሳዬ አንዱ ወገን ጨርሶ አልበቀለም ብሎ መጣ። ሄድን። እኔ ገና ማሳው ዳር ሳለሁ ስለ አዘራር ጥልቀትና ስለ ትል ማስተማር ጀምሬ ነበር። አቶ ደሴ አፈሩን በጣታቸው ጫር ጫር አደረጉና ያልበቀለ የበቆሎ ፍሬ አወጡ። አሸተቱት። ከዚያም በምላሳቸው ነካ አደረጉት። እኔ አፈርኩላቸው።

«ዘሩ ኸመዘራቱ በፊት የት ዋለ?» አሉት ገበሬውን።

«ጆንያ ውስጥ ነዋ፣ ጋሼ።»

«ጆንያውሳ? ኸዚያ በፊት የት ዋለ?»

ገበሬው ወደ ሚስቱ ዞረ። ሴትዮዋ እጇን አፏ ላይ ጫነች። ጆንያው ከገበያ ጨው የመጣበት ነበር። ዝናብ አግኝቶት ጨውን ከነእርጥበቱ ጠጥቷል። የዚያ ጆንያ ዘር ያረፈበት ወገን ነው ባዶ የቀረው። ስንመለስ አቶ ደሴ መንገድ ላይ እንዲህ አሉኝ፦ «ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ ነው ልጄ። የታመመውን ብቻ አትጠይቀው፤ ታሞ ምን ይነግርሃል? የነካውን ጠይቅ።» ያን ጊዜ የሽማግሌ ወግ ነው ብዬ አለፍኩት።

አዴት የጠበቀኝ አለቃ ሌላ ዓይነት ሰው ነበር። ማሳ አይወድም፤ ጫማው ጭቃ ይነካበታል። ስብሰባ ግን ነፍሱ ነው። የገበያ ቀን ገበሬው ሁሉ ከተማ ሲወርድና ለማነጋገር ሲመቸን፣ እኛ አዳራሽ ተዘግቶብን እንውል ነበር። መራዊ የመስኖ አገር ነው፤ ሰብል በውሃ እጦት ብቻ ሳይሆን በውሃ ብዛትም እንደሚሞት በዓይኔ ያየሁት እዚያ ነው። ስለ ደመወዙ ባልናገር ይሻላል፤ ልጆች አሳድጓል፣ ሌላ ምስጋና የለውም። በዚህ መካከል አቶ ደሴ ጡረታ ወጥተው፣ ጥቂት ኖረው ዐረፉ። ቀብራቸው ላይ ደርሻለሁ።

ቡሬ ስመደብ ኃላፊያችን ጠርቶ «ለሴቶች የጓሮ እንጉዳይ ልታስተምር ነው» አለኝ። የቀለደ መስሎኝ ነበር። እኛ አገር እንጉዳይ ማለት የጅብ ጥላ ነው፤ ክረምት ሲገባ ፋንድያ ላይ የሚበቅል፣ ልጆች ሳለን በእግራችን እየመታን የምንበትነው። ባሕር ዳር ወስደው አሠለጠኑኝና የእንጉዳይ ዘር አሸክመው መለሱኝ። መንደር ስገባ ያልተሾፈብኝ ሹፈት የለም። አንዱ «ልማቱ፣ ጅቡንስ ይዘኸው መጣህ ወይስ ጥላውን ብቻ ነው?» አለኝ። ከዚያ ደግሞ በጾም ይበላል አይበላም የሚል ክርክር ተነሣ፤ ሲጠበስ ሥጋ ሥጋ ይላልና። ቄሱ ቀምሰው «ደም የለውም፤ ከገለባ የወጣ ነው» ብለው ገላገሉን።

አሠራሩ ከባድ አይደለም። ገለባና የተፈጨ የበቆሎ ቆረቆንዳ ይቀቀላል፣ ይበርዳል፣ ከዘሩ ጋር በላስቲክ ከረጢት ይጠቀጠቃል፣ ጨለም ያለ ቤት ውስጥ ይሰቀላል። ከሰነበተ በኋላ ነጭ ድር ገለባውን ያለብሰዋል። ከረጢቱን ጫር ጫር ስታደርገው በቀዳዳው በኩል እንጉዳዩ እንደ ጆሮ እየተደራረበ ይወጣል። ይህ ደስ ቢለኝም አላስገረመኝም፤ ዘርቶ ማብቀል ነው። ያስገረመኝ ከለቀማው በኋላ ያለው ነው። እንጉዳዩ ከተለቀመ በኋላ ከረጢቱን ብታነሣው እፍኝ ላባ የያዝክ ይመስልሃል። ገለባው ከላስቲኩ ተለይቶ ተጨማድዷል። ማንም ሰው ይህ አለቀለት፣ ወደ ጓሮ ይጣል ይላል። እኔም ብያለሁ። አላለቀለትም፤ ጠምቶት ነው። እንጉዳይ አብዛኛው ሰውነቱ ውሃ ነው፤ ስትለቅመው የለቀምከው የከረጢቱን ውሃ ነው። ሴቶቹን ሳስተምር «ላም አልበው ውሃ አያወርዷትም?» እላቸው ነበር። ይህን ለማስረዳት ሌላ ቃል አላስፈለገኝም።

ማጠጣቱ ግን የራሱ ወግ አለው። መጀመሪያ ሥሩ ላይ የቀረው ጉቶ በማንኪያ ተፍቆ መውጣት አለበት፤ ከቀረ ውሃ ሲነካው ይበሰብስና ዝንብ ይጠራል። ከረጢቱ ጥቂት ቀን ይረፍ። ከዚያ ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ ይገባል፤ ቀላል ስለሆነ ይንሳፈፋል፣ ድንጋይ ይጫነዋል። ከመሸ ነክሮ ሲነጋ ማውጣት ይበቃል። ከቆየ ድሩ ይታፈንና እንደ ቦካ ሊጥ ይሸታል። ከወጣ በኋላ ተዘቅዝቆ ይሰቀላል፤ ማንጠባጠቡን ሲተው በአውራ ጣት ይጫኑታል፤ ላብ ያህል ብቻ ካወጣ ልክ ነው። ይህን ሁሉ ፍኖተ ሰላም ቤቴ ውስጥ፣ በባለቤቴ የልብስ ማጠቢያ ባልዲ፣ እያበላሸሁ ነው የተማርኩት። አንዱን አስቦካሁ፣ አንዱን ሳላንጠፈጥፍ ሰቅዬ ከታች አበሰበስኩ። ሦስተኛው ከጠጣ በኋላ አንድ ጠዋት የክብሪት ራስ የሚያክሉ ነጠብጣቦች አወጣ። ጎረቤት ጠርቼ አሳየሁ። ጎረቤቴ አየና «እና?» አለኝ።

ወይዘሮ ብርቄን ያገኘኋቸው ያን ጊዜ ነው። ቡሬ ዳር የሚኖሩ፣ ባላቸው የሞተባቸው፣ በአረቄ ማውጣት የታወቁ ሴት ናቸው። ዓመታት ሙሉ ድፍድፍ እያፈሉ፣ እሳት እየማገዱ ጭሱ ዓይናቸውን በልቶታል። ሥልጠናው ላይ ከሁሉ ፊት ተቀመጡና እንዲህ አሉ፦

«የጨነቀው እርጉዝ ያገባል አሉ፤ እኔም ይኸው የጅብ ጥላ ልዘራ መጣሁ። ሐኪሙ ወይ ጭሱን ተይ፣ ወይ ዓይንሽን ተይ አለኝ። እንደው በሞቴ፣ አንቱ የሚሉት ነገር እሳት አይሻም የሚሉት እውነት ነው?»

«ገለባውን መቀቀል ብቻ ነው፤ እሱንም ጎረቤት ያግዝዎታል» አልኳቸው።

«ታዲያ ምን ቀረኝ» አሉና አረቄውን እርግፍ አድርገው ተዉት። ሴትዮዋ ሲተዉ በግማሽ አይተዉም። ከዚያን ቀን ጀምሮ ይህ ሥራ ለእኔ ማስተማር ብቻ መሆኑ ቀረ። እንጉዳዩ ከሠመረ ዓይናቸው ይተርፋል፤ ካልሠመረ ወደ እሳቱ ይመለሳሉ። ሌላ መተዳደሪያ የላቸውም።

ዐቢይ ጾም ሲገባ የመጀመሪያው ምርት ደረሰ። አማረ። ቡሬ ያሉ ምግብ ቤቶች በጾሙ ምክንያት ተሻሙበት። ጎረቤቶቻቸውም ቀንተው ከረጢት ሰቀሉ። ነገር ግን የመጀመሪያው ምርት የገለባውንና የዘሩን ድካም ነው የሚከፍለው፤ መተዳደሪያ የሚሆነው ሁለተኛውና ሦስተኛው ነው። እሱም ከፋሲካ በፊት መድረስ አለበት፤ ከፋሲካ በኋላ በግ እያለ እንጉዳይ ማን ይገዛል? ስለዚህ ስለ ማጠጣቱ ደጋግሜ ተናገርኩ። በተለይ «ዕቃው ንጹሕ ይሁን፣ ሻጋታ እንዳይገባበት» አልኩ። ወይዘሮ ብርቄ አፈ ሰፊ ጋኖች ስለነበሯቸው ጎረቤቶቹ ሁሉ ከረጢታቸውን እየያዙ እሳቸው ቤት ነከሩ።

ከዚያ ጠበቅን። ምንም አልመጣም።

ሄጄ አንድ በአንድ አነሣኋቸው። ጠጥተዋል፣ ከብደዋል። አልሸተቱም፣ አልበሰበሱም። ዝም አሉ እንጂ። ነጩ ድር ቀስ በቀስ ወየበ፣ ከዚያ ቡናማ ሆነ። እንደዚያ ያለ ነገር አይቼ አላውቅም ነበር። የበሰበሰ ነገር ቢያንስ መበስበሱን ይነግርሃል። ጎረቤቶቹ አንድ በአንድ ከረጢታቸውን ጉድፍ ላይ ደፉት። አንዷ በአጥር በኩል «ላም አለኝ በሰማይ» ብላ አለፈች። ወይዘሮ ብርቄ አልተቆጡኝም። «ያንቱ ጥፋት ምን አለበት፤ የኔ ዕድል ነው» አሉኝ። ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር። ያን ቀን ወደ ቤቴ ስመለስ በሥራ ዘመኔ ሁሉ እንደዚያ ያዘንኩበት ቀን አላስታውስም።

ኃላፊያችን «ዘሩ ደካማ ነበር በልና ዝጋው» አለኝ። ክፋት የለውም፤ ሌላ ሥራ ተከምሮበት ነው። ነገር ግን እኔ ቤት ያለውም ያው ዘር ነው፤ እሱ ከባልዲው ጠጥቶ አፍርቷል። ታዲያ ምን ለየው? ውሃው ይሆን? ከወይዘሮ ብርቄ ምንጭ በጀሪካን ቀድቼ አውቶብስ ላይ ጫንኩና ፍኖተ ሰላም ወሰድኩት። ረዳቱ ጀሪካኑን ሲያነሣ «ጋሼ፣ ምንድን ነው?» አለኝ። «ውሃ» አልኩት። «ፍኖተ ሰላም ውሃ አለቀ እንዴ?» ብሎ ተሳፋሪውን ሁሉ አሣቀብኝ። በዚያ ውሃ የራሴን ከረጢት ነከርኩ። እንጉዳዩ ወጣ። ውሃው ንጹሕ ነው።

ይህንን ልነግራቸው ከሰሙነ ሕማማት ቀደም ብሎ ሄድኩ። ደጃቸው ስደርስ ጭስ አየሁና ልቤ ደነገጠ። ወይዘሮ ብርቄ ጓሮ ቁጢጥ ብለዋል፤ ጋን በግራዋ ቅጠል እያሹ ነው። አጠገባቸው ሌላ ጋን በወይራ ጭስ ላይ ተደፍቷል። ዓይናቸው ያነባል።

«ለፋሲካ አረቄ ያዘዙኝ አሉ» አሉኝ፣ ቀና ሳይሉ። «ምን ላርግ?»

አጠገባቸው ቁጢጥ አልኩ። የተደፋውን ጋን ሳይ ሳይ፣ አቶ ደሴ ቢሆኑ ምን ይጠይቁ ነበር የሚለው መጣብኝ። ከረጢቱን ጠይቄው ነበር፣ ዘሩን ጠይቄው ነበር፣ ውሃውን እስከ ፍኖተ ሰላም ተሸክሜ ጠይቄው ነበር።

«ወይዘሮ ብርቄ፣ እንጉዳዩን የነከሩበት ጋን ኸዚያ በፊት የት ዋለ?»

«የት ይውላል፣ እዚሁ ነዋ። አጥቤው።»

«በምን?»

«በግራዋ ነዋ። አጥኜውም ነበር። ለጠላም ለድፍድፍም አንድ ጊዜ ነው የማጥነው፤ ለእንጉዳዩማ ንጹሕ ይሁን ስላሉ ሁለት ጊዜ በወይራ አጠንኩት። ሻጋታ እንዳይዘው።»

መሬቱ ላይ ተቀመጥኩ። ዕድሜዬን ሙሉ ጠላ ጠጥቻለሁ፤ ያንን የወይራ ጣዕም እየወደድኩ ጠጥቻለሁ። ጋን የሚታጠነውና በግራዋ የሚታሸው ሻጋታ እንዳይዘው ነው። እንጉዳይ ደግሞ የሻጋታ የሥጋ ዘመድ ነው። እኔ ቤት ግን ባልዲው ታጥቦ ፀሐይ ላይ ከመድረቅ ሌላ ያየው ነገር የለም። ነገሩን ስነግራቸው እጃቸው ግራዋው ላይ እንዳለ ቆመ።

«እንግዲህ በንጽሕናዬ ገደልኩት ነው የሚሉኝ?»

«እንደዚያ ይመስለኛል። ግን እርግጠኛ አይደለሁም።»

«መምሰልማ ለእኔም ይመስለኛል» አሉና ተነሡ። «እርግጡን እንየው።»

ከመደቡ ሥር ለኋላ ብለው ያቆዩዋቸው፣ ገና ያልተነከሩ ሁለት ከረጢቶች ቀርተዋል። ሐሳቡ የእሳቸው ነው፤ አንዱን አሁን በታጠነው ጋን፣ ሌላውን በላስቲክ ሳፋ፣ ሁለቱንም በአንድ ምንጭ ውሃ። ሳፋውን በውሃ ብቻ አለቅልቀው ፀሐይ ላይ አሰጡት፤ እጃቸው ግን ወደ ግራዋው እየሄደ ሲመለስ አይቻለሁ። ሲመሽ ሊነክሯቸው ተነጋግረን እኔ ሄድኩ። አረቄውን ተዉት ልላቸው አልቻልኩም። ላዘዟቸው ቃል ሰጥተዋል፤ እኔ ደግሞ የምሰጣቸው ሁለት ከረጢት ብቻ ነበር፣ እሱም ያላፈራ።

የተመለስኩት ፋሲካ ካለፈ በኋላ ነው። ወይዘሮ ብርቄ ሰላምታም ሳይጨርሱ እጄን ይዘው ወደ ውስጥ አስገቡኝ። ከብርሃን ስለገባሁ አልታየኝም ነበር። እጄን ወስደው ከረጢቱ ላይ አሳረፉት። ቀዝቃዛ፣ ለስላሳ፣ የተደራረበ ነገር ነካሁ።

«ይኸኛው የሳፋው ነው» አሉኝ። ቀጥለው እጄን ወደ ሌላው ወሰዱት። ከላስቲክና ከገለባ በቀር ምንም አልነበረበትም። «ይኸኛው የጋኑ።»

ከደስታዬ ብዛት የሁለቱን ክብደት እያፈራረቅሁ አነሣሁ፣ ሁለቱንም አሸተትኩ፣ የጋኑን ከረጢት ቀድጄ ውስጡን አየሁ። ገለባው ውስጥ ገና ቀጭን የወይራ ሽታ ነበረ። ስለዚህ ነገር ብዙ አወራሁ። እሳቸው በትዕግሥት አዳመጡኝ። ወደ ደጅ ስንወጣ ነው ፊታቸውን በደንብ ያየሁት። የቀኝ ዓይናቸው ላይ እንደ ወተት ያለ ነገር ጋርዶታል። የፋሲካው እሳት ነው። ነገሩ ጥቂት ሳምንት ቀደም ብሎ ቢገባኝ ኖሮ ያ እሳት ባልተማገደ። ይህን ነገርኳቸው። «አንቱ እኮ ደረሱ፤ ያልደረሰ ስንት አለ» አሉኝ።

ለሰኔ ጾም ጎረቤቶቹ ተመልሰው ከረጢት ሰቀሉ፤ ማጠጫው ሳፋና ባልዲ ብቻ ሆነ። ኃላፊያችን ዘሩ ደካማ ነው የሚለውን ትቶ የእኔን ጻፈ። ከግራዋውና ከወይራው የትኛው እንደሆነ ግን እስከ ዛሬ አላወቅኩም። አሁን ጡረተኛ ነኝ፣ ጊዜ አለኝ፤ ጓሮዬ ውስጥ አንዱን ባልዲ በግራዋ ብቻ አሽቼ፣ ሌላውን በወይራ ብቻ አጥኜ እሞክራለሁ። የግራዋው አንድ ጊዜ አፈራ፣ አንድ ጊዜ አላፈራም። ባለቤቴ የልብስ ማጠቢያዋን አስመልሳለች።

ጡረታ ልወጣ ሰሞን፣ ፍልሰታ ላይ፣ ልሰናበታቸው ሄድኩ። አረቄ ይወጣበት የነበረው ማድቤት ፈርሶ ቦታው ላይ ጎመን በቅሏል። ቤት ውስጥ ከረጢቶቹ ድሮ እንደነበሩት ከጣሪያው ወራጅ ላይ አልተሰቀሉም፤ ዝቅ ባለ ገመድ ግራና ቀኝ ተደርድረው፣ መካከላቸው ጠባብ መተላለፊያ ቀርቷል። አንድ ሰው ብቻ ያሳልፋል። ለምን እንዲህ አጠበቡት ብዬ ጠየቅኳቸው፤ አየር እንዳይታፈን አስቤ ነው።

ወይዘሮ ብርቄ መተላለፊያው መካከል ቆሙና ቀኝ እጃቸውን ዘረጉ። ጣታቸው ከረጢቱ ላይ ደረሰ፣ እንጉዳዩን ነካ።

«ዓይኔ አሁን የሚያየው እስከዚህ ነው» አሉኝ። «ስለዚህ እዚህ ድረስ አመጣሁት።»